ድቡ የማን ልጅ ነው?

ባለፈው ሳምንት መጋዘን ውስጥ፣ ስካነሩ አላነብም ያለው ካርቶን ላይ ቁጥር በእጄ ልጽፍበት አዲስ ወፍራም ማርከር ከፈትኩና ያ ጭንቅላት የሚያዞረው የቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ቁጥሩም ካርቶኑም ጠፉብኝ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ላይ የተነሰነሰ ስኳር፣ የሐይቅ ንፋስ፣ ላብ የጠጣ ፀጉራም ልብስ፣ ሁሉም ከዚያች ማርከር አፍ ተከታትለው ወጡ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው "ዩ ኦኬ?" እስኪለኝ ድረስ ለካ ብቻዬን ቆሜ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዝናኛ ፓርክ የሚያውቅ ወላጅ ሁሉ እንደሚነግራችሁ፣ የእንስሳ ልብስ ለብሰው ልጆችን የሚያጫውቱት ሰዎች መዳፋቸው እንደ ትራስ የወፈረ ስለሆነ ቀጭን እስክሪብቶ መያዝ አይችሉም፤ ፊርማቸውን የሚፈልግ ወፍራም ማርከር ይዞ መሄድ አለበት። ባለቤቴ ሰናይት ይህን ከሥራ ጓደኞቿ ሰምታ ሁለት ማርከርና ሁለት ትንንሽ ደብተር ገዝታ ስትመጣ፣ እኔ ፊርማ ማለት ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ የሚለምኑት፣ ነገ ተመለስ የሚባልበት፣ በመጨረሻም ማኅተም ካላረፈበት ከንቱ የሆነ ነገር ነው ብዬ ያደግኩት ሰውዬ፣ ልጆቼ ከድብና ከጥንቸል ፊርማ ለመለመን መንገድ ሊወጡ መሆኑን ስሰማ "ማኅተምስ አላቸው?" ብዬ ጠየቅኩ። የሳቀችልኝ ሰናይት ብቻ ናት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2022 በጋ ነው። ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር፣ የክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ቤት ውስጥ ነበር። ልጄ ናሆም ትምህርት የጀመረው ወረርሽኙ በገባበት ዓመት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ፣ መምህርቱን ቴምብር በምታክል መስኮት እያየ ነው። ትምህርት ቤቱ በሩን ሲከፍት ልጁ ሄደ፤ ድምፁ ግን ቤት ቀረ። ቤት ውስጥ እንደ ሬዲዮ የሚለፈልፈው ልጅ ከደጃፋችን አንድ እርምጃ ሲወጣ አፉ ይዘጋል። ለመምህር የለም፣ ለጎረቤት የለም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የለም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው፣ እንግዲህ፣ ልጁ ከሰው ፊት ዝም ብሎበት አያውቅም።

ከዚያ በጋ በፊት፣ በጸደይ ላይ መምህርቱ አስጠሩን። ደግ ሴት ናቸው፤ ቃል እየመረጡ፣ ናሆም እስከሚቀጥለው የትምህርት መክፈቻ መናገር ካልጀመረ ጓደኞቹ ሲያልፉ እሱ እዚያው ክፍል ሊቆይ እንደሚችል ነገሩን። ሰናይት መኪና ውስጥ ገብታ አለቀሰች። እኔ መሪውን ይዤ ስለ ትራፊኩ አወራሁ፤ እኛ ቤት ወንድ ሲጨንቀው ስለ ትራፊክ ያወራል።

በዚህ መሃል የልጁ አፍ ሆና የቆመችለት በሁለት ዓመት የምትበልጠው እህቱ ኤደን ነበረች። የሚበላውን የምታዝለት፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲፈልግ የምትናገርለት፣ አባቴ በስልክ ሲያናግሩንም በሱ ተራ የምትመልስለት እሷ ናት። አባቴ የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ደህና ነህ ወይ አይሉም፣ "የማን ልጅ ነህ?" ነው የሚሉት። ልጁ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ሳያዛንፍ ሲያወርድላቸው ብቻ "ተባረክ!" ብለው ስልኩን ለሌላው ያሳልፋሉ። ናሆም ድምፁ ሳይጠፋ በፊት ይህን አጥንቶት ነበር። ሌላው ትምህርታችን ደግሞ ትልቅ ሰው በባዶ ስም አይጠራም፣ ጋሼና እትዬ ይባላል፣ የሚል ነው። ኮሎምበስ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን አጥብቄ ካስተማርኩ የቀረውን አሜሪካ ያስተምርልኛል ብዬ ነበር።

እንግዲህ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ አራታችን በማለዳ ተነስተን፣ ወደ ሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው የመዝናኛ ፓርክ ሄድን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት እንስሳቱ ከገመድ ወዲያ ሆነው እጃቸውን ብቻ ነበር የሚያወዛውዙት አሉ፤ በዚያ በጋ ግን መቅረብም ማስፈረምም ተፈቅዶ ነበር። ኤደን ገና ከመግቢያው አዛዥነቱን ተረከበች። "ባባ፣ ዳክዬው ከኔ ይበልጣል?" አለችኝ። በቁመቱ እንደሆነ በጣም ይበልጣል አልኳት። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ዳክዬ ሆነ። ጥንቸሏም እትዬ ጥንቸል። እየሮጠች ሰልፍ ትይዛለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ በሁለት እጇ ደብተር ታቀርባለች፣ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ እንስሳቱ ግራ ቢገባቸው እነሱም አንገታቸውን ሰበር ማድረግ ጀመሩ። በዚህ ደረቴ ተነፋ። ነገር ግን የራሷን ካስፈረመች በኋላ ሁልጊዜ የወንድሟን ደብተር ታወጣና "ፎር ማይ ብራዘር። ሂ ዳዝንት ቶክ" ትላለች፤ ወንድሜ አይናገርም። ያቺ ቃል በእያንዳንዱ ሰልፍ መጨረሻ እየጠበቀች ታገኘኝ ነበር። ናሆም ከኋላዬ ሱሪዬን ይዞ ጫማውን ያያል።

ከመኪናው ኋላ ቆመን ዳቦ በስልስ በልተን ስንመለስ፣ ኤደን እናቷን እየጎተተች ሮለር ኮስተር ልትወጣ ሄደች፤ እኔና ናሆም ድቡ ዘንድ ተሰለፍን። ድቡ ቡናማ፣ ሆደ ሰፊ፣ እንደ ሰርግ አጃቢ ሰማያዊ ክራባት ያሰረ ነው። በዚያ ሙቀት በዚያ ልብስ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያህል እየተቀቀለ እንደሆነ የሚያውቅ ሠርቶ አደር ብቻ ነው። አጠገቡ ሰልፉን የምታስተናግድ፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ነበረች። ተራችን ሲደርስ ድቡ የናሆምን ደብተር ከእጄ ተቀበለ፣ ማርከሩን አነሳ፣ ከዚያ ለመጻፍ ጎንበስ እንዳለ ቆም አለና መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። ለማን ልበል? ማለቱ ነው።

አፌን ከፈትኩ። የልጄን ስም ልናገርለት፣ ያንን "አይናገርም" የሚለውንም ልጨምርበት ነበር። ድቡ ግን ሳያየኝ ያንን ትልቅ መዳፉን ፊቴ ላይ ዘርግቶ አስቆመኝ። ከዚያ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ከናሆም ፊት ለፊት ሆነና ጠበቀ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ አንዱ ሕፃን ያለቅሳል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ በቃ እንሂድ ልል ነው። ድቡ ጠበቀ። ናሆም ሱሪዬን ለቀቀ። ይህ ሰውዬ፣ ወይም ይህ አውሬ፣ እንደሱ የማይናገር መሆኑን እያየ ይመስለኛል፤ ቀና ብሎ እነዚያን የመስታወት ዓይኖች መረመራቸው።

"ናሆም ዳዊት በቀለ" አለ።

ጥርት አድርጎ ነው ያለው፤ ልክ ድሮ ለአባቴ በስልክ ይለው እንደነበረው። እኔ ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ደግሞ ወደ ድቡ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ ድብ፣ የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ጠየቀው። አንቱ ማለቱን ረስቷል፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ድቡ ራሱን እንደመነቅነቅ ሲል ልጁ፣ ድቡ አልገባውም ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ "ሁ ኢዝ ዩር ዳድ?" ብሎ ተረጎመለት። ድቡ አሰበ፤ አገጩን አከከ፤ በመጨረሻ ባለጃንጥላዋን ሴትዮ በጣቱ አሳየ። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ፣ "አባቱን እንኳ አላውቀውም የኔ ማር፣ እናቱ ግን እኔ ነኝ" ስትል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ናሆም አልሳቀም። ጥያቄው ስለተመለሰለት በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀና፣ የእሱን ድርሻ ሊከፍል ይመስል እጁን ወደኔ ዘረጋ። "ዚስ ኢዝ ማይ ዳድ" አላቸው። "ዳዊት በቀለ።"

እኔ በሕይወቴ ብዙ ቦታ ስሜ ተጠርቷል፤ ዲቪ ሲደርሰኝም፣ የዜግነት ቃለ መሐላ ስፈጽምም። እንደዚያ ቀን ግን በኩራት ቆሜ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ለሰው የማስተዋውቀው እኔ ነበርኩ፤ አሁን እሱ አስተዋወቀኝ። ዓይኔን የፀሐይ ቅባቱ ገባበት ብዬ ጠረግኩ።

ኤደን ተመልሳ ስትሰማ አላመነችም። ከዚያ ስታምን ከፋት፤ ሥራዋን ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የተነጠቀችው፣ መንገዱን ሁሉ አኩርፋ ተመለሰች። ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲከፈት መምህርቱ ኮል አድርገው፣ ናሆም ለክፍሉ ሁሉ የአንድ አባቱ ያልታወቀ ድብ ታሪክ ሲተርክ መዋሉን ነገሩን። ሳይደግም ከጓደኞቹ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ።

አሁን የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ፒከሪንግተን ነው። ናሆም አድጓል፤ ከትምህርት ቤት የሚመጣብን አቤቱታ ተራ ሳይደርሰው ያወራል የሚል ነው፤ እኔም አቤቱታውን ስሰማ ቅር እንዳለው ሰው ለመምሰል እታገላለሁ። ግን የጎደለውንም ልናገር። በዚያ በዝምታው ዘመን፣ ሰው መሃል ስንሆን አንገቴን በሁለት እጁ ጎትቶ፣ ለዓለም ሊለው የፈለገውን ሁሉ በጆሮዬ ያንሾካሹክልኝ ነበር፤ ያ ውሻ አንድ ዓይን የለውም፣ ያቺ ሴትዮ አዝናለች፣ ባባ እኔ ፈርቻለሁ። ትኩስ ትንፋሹ፣ የከንፈሩ ርጥበት። ከድቡ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላንሾካሾከልኝም፤ ለምን ብሎ? ለሁሉም ጮክ ብሎ ይነግራቸዋል። ጸሎቴ ተሰማ፣ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈታ። አንዳንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ሲያልፍ ሳላስበው ጎንበስ እልለታለሁ፤ እሱ ግን ወሬውን ሳያቋርጥ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ያልፋል።