እስከ ሃምሳ የሚቆጠር ዝምታ

ሃምሳ ለመቁጠር ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጥያቄው የልጅ ይመስላል። በሰዓት ሞክሬዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ሞክሬዋለሁ። አንዳንዴ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የፈራ ሰው እንዴት እንደሚቆጥር ግን አላውቅም። ይጣደፋል? ወይስ ፍርሃት ቁጥሩን ያስረዝመዋል? ይህን ሊነግረኝ የሚችለው ወንድሜ ብቻ ነበር።

ቦሌ የገባሁት ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው። አሠሪዬ የውጭ አገር ሴት ነበረች። አብዮቱ በፈነዳ በማግስቱ ዓመት ጓዟን ጠቅልላ ስትሄድ የስፌት መኪናዋን ለእኔ ተወችልኝ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እግር ፔዳሉን ሲረግጠው የሚያጓራ መኪና ነው። የሰፈሩ ሰው «ቦሌ ውስጥ መኪና ያላት ሠራተኛ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ከመኪናው ጋር አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ በውስጧ ብዙ መርፌና፣ ለብቻዋ በጥጥ የተጠቀለለች አንዲት መንታ መርፌ። ከአንድ ግንድ ሁለት ሆና የወጣች፣ ሁለት ክር የምትጎርስ መርፌ። ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር። በጥጧ መልሼ አስቀመጥኳት።

ቤቱ ተወርሶ ቀበሌው ለተከራይ ሰጠው። ፊት ለፊት ያሉትን ክፍሎች ያገኘችው የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተወካይ ናት፤ በዕድሜ እናቴን ባታክልም ታላቄ ነች፣ እትዬ ነበር የምላት። እኔ ከጓሮ በኩል ያለችው የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ቀረሁ። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ ሀ እና ለን አልለይም ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ቀበሌው አዳራሽ ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ከእጄ አልጠፋም። ጎረቤቴ ስሜን ትታ «ፕሮፌሰር» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከሰሜን አገር የመጣው እዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዲጨርስ ነው። እናቴ ስትሸኘው «ልጄን አደራ» ብላ ልካልኛለች። የመኪናውን መመሪያ ከእንግሊዝኛ እየተረጎመ ያነበበልኝ እሱ ነው። የመንታ መርፌዋ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ስሚ እታለም። አንድ መርፌ ሲሆን ማዕዘን ላይ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ትተሽ ታዞሪዋለሽ። መንታ ሲሆን ግን እንደዚያ ካዞርሽ ትሰበራለች። ማቆም ነው። በእጅሽ ወደ ላይ ታወጫታለሽ፣ ጨርቁን እኩሌታ ታዞሪያለሽ፣ አንድ ጊዜ በእጅሽ ትወጊያለሽ፣ እንደገና አውጥተሽ የቀረውን ታዞሪያለሽ።»

«ይህ ሁሉ ለአንድ ማዕዘን?»

«ከተቻኮልሽ መስመሮቹ ይጣላሉ ይላል።»

መመሪያው እንዲህ አይልም፤ የሱ ፌዝ ነው። እኔ ግን ልክ ካልሆነ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ። ማዕዘኑን ተማርኩት። ሁለቱ መስመሮች እንደ ሐዲድ ተከታትለው ሲታጠፉ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ሰዉ ሱሪውንም ኮቱንም በድርብ ስፌት አድርጊልኝ እያለ ይመጣ ጀመር። እንደዚያች ያለች መርፌ ሌላ ቦታ ጠይቄ አላገኘሁም። ብትሰበር አለቀ።

የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ ወንድሜ ሃያ ሊሞላው ነበር። ከየመንገዱም ከየቤቱም ማፈስ ሲጀመር ከቤት መውጣት ተወ። ከክፍሌ ግድግዳ ጀርባ ባዶ የሲሚንቶ የውሃ ገንዳ ነበር፤ ክዳኑ ከቆርቆሮ ነው። ሰው ሲመጣ እዚያ ይገባል። ውስጥ ሆኖ የሰው ድምፅ አይሰማውም፤ የመኪናዋ ማጓራት ግን በግድግዳው አልፎ ይደርሰዋል። የተስማማነው በዚህ ነው፦ ሰው ካለ እሰፋለሁ። መኪናዋ ካቆመች ይቆጥራል፤ ቆጥሮ እስኪጨርስ ካልተነሣች ሰዉ ሄዷል ማለት ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ ምንም ስለማይሰማ እስኪያልፍ ቁጥሩን ያቆማል። ሁሉን አስበንበታል።

«መቶ ልቁጠር» አለኝ።

«መቶ ብዙ ነው፤ ታፍነህ ትሞትብኛለህ። ሃምሳ ይበቃል።»

መቶ ያለው እሱ ነው። ሃምሳ ያልኩት እኔ ነኝ።

ለሦስት ወር ያህል እንዲህ ኖርን። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ማኅበሩ ለሰልፍ የካኪ ልብስ እንድሰፋ አዘዘኝ፤ ደረት ኪሱ በድርብ ስፌት እንዲሆን የጠየቀችው ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ድምፅዋ ከበሩ ተሰማ። እሷ ስትመጣ ድምፅዋ ነው ቀድሞ የሚገባው። ወንድሜ በጓሮ በር ወጣ፤ የክዳኑን ኳኳታ ሰማሁና ፔዳሉን ረገጥኩ።

«ፕሮፌሰር፣ እንግዳ አመጣሁብሽ።»

«ይግቡ» አልኩ እግሬን ሳላነሣ። ከኋላዋ የቀበሌው ሰው ገባ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ። ክፍሏን በዓይኑ ዞራት።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እሷና መጽሐፏ ናቸው» አለች ጎረቤቴ። «ባል ቢመጣላት እንኳ ‹ከስንተኛው ገጽ ነህ› ብላ ነው የምትጠይቀው።»

ሰውየው አልሳቀም። «ጓሮው በየት ነው?» አለ።

«ጓሮው የት ይሄድብዎታል፣ ጓድ። መጀመሪያ ይችን መርፌ ይዩልኝ። ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ነው የምትሰፋው። ከዚህ እስከ ገርጂ ማሳ ድረስ ቢፈለግ አትገኝም» አለች ጎረቤቴ።

መጥቶ ትከሻዬ ላይ ቆመ። ኪሱን እየሰፋሁ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ደረስኩ። አቆምኩ። በልቤ እቆጥር ጀመር። መርፌዋን አወጣሁ፣ ጨርቁን እኩሌታ ማዞሩን ትቼ በአንድ ጊዜ አዞርኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ መኪናዋን አስነሣኋት።

«እዚህ ጋ ተንጋደደች» አለ ሰውየው፣ ጣቱን ማዕዘኑ ላይ አሳርፎ።

«የሷ ስፌት? አይሆንም» አለች ጎረቤቴ። ጎንበስ ብላ አየችው።

ተንጋድዳለች። የውስጠኛው መስመር የውጪውን ረግጦታል። ፊቴ ጋለ። አንድ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ወንድሜ የተደበቀበትን ጓሮ ሊያይ ቆሞ ሳለ፣ እኔ ለተንጋደደ መስመር አፈርኩ። ሁለተኛው ማዕዘን ሲደርስ ቀስ አልኩ። መርፌዋን አወጣሁ። እኩሌታውን አዞርኩ። በእጄ አንድ ጊዜ ወጋሁ። ክሮቹ እንዳይላሉ በጣቴ ያዝኩ። እንደገና አወጣሁ፤ የቀረውን አዞርኩ፤ ጠርዙ እኩል መሆኑን ዝቅ ብዬ አየሁ። ልክ ነበር። እግሬን ወደ ፔዳሉ ስመልስ ነው መቁጠር መርሳቴ የታወሰኝ።

የጓሮው በር ተከፈተ።

«እታለም፣ ሄዱ እንዴ?»

ሰውየው ሽጉጡን አልመዘዘም፤ አላስፈለገውም። ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየውና «ጫማህን አድርግ» አለው። ወንድሜ ጫማውን አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ክሩን አሰረ። ሲወጣ እኔን አላየኝም። መኪናዋን ነው ያየው።

ሁለት ቀን ቀበሌው በር ላይ ምግብ ይዤ ቆምኩ፤ አላስገቡኝም። በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ወሰዷቸው አሉኝ። ከወራት በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ። ደህና ነኝ ይላል፤ እናታችንን ሳሚልኝ ይላል። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል የለበትም። ያን ደብዳቤ ፈትሼ ፈትሼ ጨርሼዋለሁ፤ መስመሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ አንብቤዋለሁ።

እናቴ መጣች። ቁጭ ሳትል «ማን ጠቆመው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በመስኮት ወደ ፊተኛው ቤት አየች። «ያቺ ናት?» ዝም አልኩ። አይደለችም ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እሱን ካልኩ ግን «ታዲያ ማን?» ትለኛለች። እናቴ የጎረቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ማኅፀኗንም ቤቷንም ረገመች። ጎረቤቴ ደፉ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አልመለሰችም። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሰላምታ ነሣት። እኔም ነሣኋት። ዓመታት አለፉ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ውኃ ከአንድ ቧንቧ ቀዳን። መንታዋን መርፌ ነቅዬ በጥጧ ጠቀለልኳት። ጫፎቿ ስል ነበሩ። ምንም አልሆነችም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የወንድሜ መርዶ መጣ። ወደ ሰሜን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እናቴ ልትመጣ አልቻለችም። ለቅሶዬን በሰፈር ሰው መካከል ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ገባች። ማንም ቦታ አልለቀቀላትም። አንዷ «ምን ዓይነት ዓይን ነው ያላት» ስትል ጮክ ብላ ነው። እሷ ዙሪያውን አየችና ከጥግ፣ በጨርቅ የተሸፈነችው መኪና አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ወጡ። ሁለታችን ቀረን።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳት።

«ምኑ?»

«የጠቆሙት። መኪናዋን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉን ነገርኳት፤ ገንዳውን፣ መቶውን፣ ሃምሳውን፣ ማዕዘኑን፣ ለእናቴ ዝም ማለቴን። ቀና ብላ ሳታየኝ ሰማች።

«ገንዳውንስ አውቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ልብስ ላሰጣ ዞሬ ሲገባ አይቼዋለሁ። ያ ሰው ‹ጓሮው በየት ነው› ሲል ደሜ ደረቀ። መርፌዋን ይዩልኝ ያልኩት እንዳይሄድ ብዬ ነበር። እኔ ባላስቆመው ኖሮ፣ ለማን ብለሽ ማዕዘን ታስተካክዪ ነበር? እናትሽ ስትረግመኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። የሚገባኝ መስሎኝ።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ በእጇ ከለከለችኝ።

«ስንት ድረስ ነበር የሚቆጥረው?»

«ሃምሳ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ አልነበረውም። እኔም ባዶ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የዚያን ቀኑን ማዕዘን ጀመርኩ። አወጣሁ፣ እኩሌታውን አዞርኩ፣ ወጋሁ፣ ክሩን ያዝኩ። ጠርዙን ለማየት ዝቅ ስል ዓይኗን ገለጠች።

«ሃምሳ» አለች። ቆየችና፣ «ፈጠንኩ እንዴ?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አልኳት።