ሱሃይል ያቆመበት ገጽ

ቀድሪያ ማንበብ የተማረችው በአርባ ዓመቷ ነው። ከወሎ አስመራ የገባችው በድርቁ ዘመን ነበር። ባሏን እዚሁ ቀበረች፤ ገጀረት በሚባለው ሰፈር ግቢዎች ልብስ አጠበች፤ ጉልበቷ ሲደክም ከአንድ ፌርማታ አጠገብ ሻሂና ብስኩት መሸጥ ጀመረች። ፊደል ያስቆጠራት አንድያ ልጇ ሱሃይል ነው። "እማ፣ ቀስ በይ፣ የሚያባርርሽ የለም" እያለ ይስቅባት ነበር።

በ1981 ዓ.ም. አንድ እሁድ ሱሃይል ከጓደኞቹ ጋር ኮምቢሽታቶ በሚባለው የከተማው ትልቅ ጎዳና ላይ ሲንሸራሸር አፍሰው ለጦሩ ወሰዱት። ከምጽዋ ሁለት ደብዳቤ ጻፈላት። ምጽዋ በሻዕቢያ ከተያዘች ወዲህ ሦስተኛው አልመጣም። ቤት የቀረው የልጁ ነገር አንድ ደብተር ነው፤ የአንድ ቻይናዊ ደራሲ የሕይወት ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይጽፍበት ነበር።

ደራሲው ሉ ሻንሄ ይባላል። አባቱ ሲሞት እናቱ ቅርጫት እየሸጠች አስተማረችው። በሃያ ሦስት ዓመቱ ስለ አንድ የተራበ መንደር አጭር ልብ ወለድ አሳተመ፤ በዚያው ጽሑፍ ተከሶ ጨው ወደሚመረትበት የግዞት ቦታ ተላከ። እዚያ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ በከሰል እየጻፈ፣ የጻፈውን በቃሉ ከያዘ በኋላ ያቃጥለው ነበር። ሱሃይል የደረሰው እስከዚህ ነው፦ "በዘጠነኛው ክረምት እግሮቹ አብጠው መቆም አቃተው።" ከዚያ በታች ያለው ገጽ ባዶ ነው።

ቀድሪያ ያችን መስመር ስንቴ እንዳነበበቻት አላህ ይወቅ። ሰውዬው ይውጣ አይውጣ ማወቅ አለባት። ደግ እንዳልሆነ እያወቀች የልጇን ነገር ከእሱ ጋር አሰረችው፤ እሱ ከወጣ ሱሃይልም ይወጣል። ዱዓ ስታደርግ የቻይናዊው ስም አፏ ላይ ይመጣና "አስተግፊሩላህ" ብላ ትመልሰዋለች።

መንግሥት ሲለወጥ የመሀል አገር ሰው ጓዙን እየጠቀለለ ሄደ። በ1984 ጥር ላይ ታናሽ ወንድሟ ሙሄዲን መጣባት።

"እትዬ፣ ሐሙስ ማኪና አለ፤ እስከ ደሴ። ቦታ ይዤልሻለሁ።"

"ሱሃይልስ?"

"ሱሃይል አፍ የለውም? ጠይቆ ይመጣል።"

"ደሴን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የሚያውቀው ይህን በር ነው።"

"ጠጪዎችሽ ሁሉ ሄደው አለቁ እኮ። ለዝንብ ልትቀጂ ነው?"

ካልሄዱት ጠጪዎች አንዱ ዘርዓብሩክ የሚባል የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የሻዕቢያ ታጋይ የነበረ ወንድሙ ሜዳ ላይ መውደቁን ከጓዶቹ የሰማ ሰው ነው። ቀድሪያ የደብተሩን ነገር ስትነግረው፣ ተጓዦች ከሸጧቸው መጻሕፍት መካከል ያንኑ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ፈልጎ አገኘላት። ረቡዕ ጠዋት መጣ።

"አደይ ቀድሪያ፣ ጨርሼዋለሁ።"

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ወጣ?"

"እወ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ወጣ። ሰባት ልብ ወለድ ጻፈ። አሁን መጽሐፉ በሚወጣበት ቀን ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል፤ በሌላ አገርም ይነበባል።"

"አልሐምዱሊላህ።" መቀመጫ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ አለች። "እናቱስ?" አለች።

ይህን አልጠበቀም። መጽሐፉ የሚለውን ያውቃል፤ እናትየዋ ጠብቃ ጠብቃ፣ ዘመድ ሲወተውታት ቤቷን ለቃ ሩቅ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄደች። ልጁ ሲመለስ በሩን የከፈቱለት የማያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። አድራሻዋን ሲያገኝ ከሞተች አራት ወር ሆኗት ነበር። ዘርዓብሩክ ሱሃይል ይመጣል ብሎ አያምንም። ይህች ሴት እዚህ ብቻዋን ከምታረጅ ከወገኖቿ ጋር ብትሆን ይሻላል ብሎ አሰበ።

"ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ነበር" አለ። "እዚያ አገኛት።"

ያ ሰው ካገኛት ሱሃይልም ደሴን አያጣትም። ቀድሪያ በዚያው ቀን ጓዟን አሰረች።

ሐሙስ ዘርዓብሩክ ሊሰናበታት መጣ። ሙሄዲን ማኪናው ላይ ሆኖ ዕቃ ይቀበላል።

"መምህር፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ። ሲያገኛት ምን አላት?"

ዘርዓብሩክ ከመሬት አንድ ጥቅል አንስቶ ለሙሄዲን አቀበለው።

"ያን ያህል ጽሑፍ በቃሉ ይዞ የኖረ ሰው ለእናቱ የሚላት አይጠፋም። ምን አላት?"

አንድ ቃል ሊፈጥር ፈለገ፤ አልመጣለትም። ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ።

"አላገኛትም" አለች፣ በዝግታ።

"አላገኛትም፣ አደይ። ይቕረታ አድርጊልኝ።" ከዚያ ሁሉንም፣ ስለ በሩም ስለ አራቱ ወርም፣ ነገራት።

"እትዬ፣ ተሳፈሪ እንጂ፣ ሾፌሩ ሊሄድ ነው!"

"ዕቃዬን አውርድልኝ።"

"ለአንድ ለማታውቂው ቻይና ብለሽ?"

"ጀሪካኑን ቀስ አድርገህ አውርደው፣ ክዳኑ ሰባራ ነው።"

ሙሄዲን ሲያወርድ አለቀሰ። ሳይሰናበታት ሄደ።

ማኪናው ከተሰወረ በኋላ ቀድሪያ ደብተሩን ለዘርዓብሩክ ሰጠችው። "የቀረውን ጻፍልኝ። እንዳለ ጻፈው፣ አታሳምርልኝ። ሱሃይል ሲመጣ ከእንግሊዝኛው ጋር ያስተያየዋል።"

በየጠዋቱ አንድ አንድ ገጽ እየጻፈላት ከክረምት በፊት ጨረሰው። ሱሃይል አልመጣም። በሪፈረንደሙ ዓመትም ቀድሪያ እዚያው ፌርማታ አጠገብ ነበረች። ወደ አገርሽ ግቢ ብሎ የሚመክራት ሲመጣ እሺም እምቢም አትልም፤ "ስኳር ይብዛልህ ይነስልህ?" ብላ ትቀዳለታለች።