ጥቁር ፍሬ የተወረወረበት ልዑል

ቦንጋ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ እሠራለሁ። ከሚዛኑ ጎን ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ይለቅማሉ። የሚመዘን ጆንያ በማይኖርበት ሰዓት በስልኬ የምጽፈውን ታሪክ አነብላቸዋለሁ። ከእነሱ ሌላ አድማጭ የለኝም። ተቆጣጣሪያችን የፈቀዱልኝም አስጠንቅቀው ነው፤ "እጃቸው የቆመ ቀን ንባቡም ይቆማል" ብለውኛል።

ታሪኩ ስለ አንዲት የጥንት ጀግና ነው። ጫካ ትጠብቃለች፣ ንቦች ይታዘዙላታል፣ ንጉሡ ራሱ ይፈራታል። እንዲህ ዓይነት ሴቶች በየልብ ወለዱ ሞልተዋል፤ ግን ገደል ዘለው ፀጉራቸው አይበተንም፣ ቀኑን ሙሉ ተዋግተው አይርባቸውም። የእኔዋ እንደዚያ እንድትሆን አልፈለግሁም። ቀፎ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል ለማየት ማንኪራ ድረስ ሄጄ አንድ ንብ አናቢ አስቸግሬያለሁ። ስለዚህ ጀግናዬ መጀመሪያ ገመዱን ትፈትሻለች፣ ግንዱን ታቅፋ ቀስ እያለች ትወጣለች፣ መሀል ላይ ታርፋለች።

እዚህ ላይ ስደርስ አንዲት ጥቁር ፍሬ መጥታ ጉልበቴን መታችኝ።

የሴቶቹ ደንብ ይህ ነው። ያልጣማቸውን ነገር ሲሰሙ ከቡናው የለቀሙትን ጥቁር ፍሬ ይወረውሩብኛል። ሲጥማቸው ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ይለቅማሉ።

"ለምንድን ነው የምታርፈው?" አሉኝ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትልቋ ሴትዮ።

"ዛፉ ረጅም ነው እኮ፣ እትዬ።"

"እኛ ከጠዋት ጀምሮ መች ዐረፍን? ትውጣ!"

ወጣች። በሚቀጥለው ምዕራፍ ጎሽ መጣባት። የጎሽን ጉልበት ስለማውቅ ከዛፍ ኋላ ደበቅኋት። ፍሬው እንደ በረዶ ወረደብኝ።

"ቀንዱን ትያዘው!" አለች ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ወጣት።

"ሰው የጎሽን ቀንድ ይዞ ማቆም አይችልም።"

"አንተ አትችልም። እሷ ምን ሆና?"

ያዘችው። ቀንዱን ከሥሩ እንድትይዝ ግን አድርጌያለሁ፤ በዚያ ማንም አልተቃወመኝም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብኩ ዕለት ወደ አዲስ አበባ የሚጭነው መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር። የንጉሡ ልጅ ስጦታ አስጭኖ መጣ። ጀግናዋ ጦሯን አስቀመጠች፣ ተጋቡ፣ ቤተ መንግሥት ገባች። አንድም ፍሬ አልተወረወረም። ደስ ብሏቸዋል ብዬ ቀና ስል፣ የሁሉም እጅ ቆሟል።

"ጦሩን የት አደረገችው?" አሉ እትዬ።

"ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።"

"ንቦቹንስ?"

ንቦቹን ረስቻቸው ነበር።

"ሰውዬው ምን ይሠራል?"

"ልዑል ነው፣ እትዬ።"

"ሥራውን ነው የጠየቅሁህ።"

ተቆጣጣሪው እየሮጡ ገቡ። "ምን ሆናችኋል? መኪናው ቆሟል እኮ!"

"የልጅቷ ነገር ሳይለይለት አንለቅምም፣ ጋሼ" አለች ወጣቷ።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞሩ። "ወይ አሁኑኑ አስተካክለው፣ ወይ ሁለተኛ እዚህ እንዳታነብ!"

ሠርጉን ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። የሙሽራዋን ቀሚስ ጥለት ሳይቀር ገልጬው ነበር። እያዘንኩ አጠፋሁትና ስልኩን ሳላይ በቃሌ ቀጠልኩ።

"ጀግናዋ ጦሯን አላስቀመጠችም። ልዑሉን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ባዶ ቀፎ አንስታ ትከሻው ላይ ጫነችበትና 'ዛፉ ያውልህ' አለችው።"

የእትዬ እጅ መልቀም ጀመረ። የሌሎቹም ተከተለ።

"ገመዱን ፈትሿል?" አለች ወጣቷ።

"አልፈተሸም።"

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። "ይውደቅ!" አሉ በአንድ ድምፅ። እጃቸው እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። እኔም ጣልኩት፤ ግን እንዳይሞት ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ ነው የጣልኩት፣ ከሥሩም ለስላሳ ቅጠል አነጠፍኩለት።

ተቆጣጣሪው ወደ መኪናው መሄድ ነበረባቸው። አልሄዱም። በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

"ታዲያ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አታነሳውም እንዴ? ልዑል እኮ ነው።"

ከእትዬ በኩል አንዲት ጥቁር ፍሬ ተወርውራ ግንባራቸውን መታች።