ምረቃ ያልጠበቀው ማሽን

አክስቴ አዋላጅ ነርስ ናት። «ቀስ በሉ» ማለት ስለምታበዛ ጤና ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ቀስ በሉ» ይሏታል። ዕቃ ላይ ስስታም ናት። አዲስ ነገር ከገዛች በፕላስቲክ ሸፍና ዓመት ሙሉ ሳትነካው ታየዋለች፤ እኛ ዘመዶቿ አንድ ቀን ራሷንም በፕላስቲክ ትሸፍናለች እያልን እንስቅባታለን።

ትንፋሽ ላጠራቸው ሕፃናት የሚሆን የኦክስጅን ማሽን ለጤና ጣቢያው ሲመጣ ከማንም በላይ የተደሰተችው እሷ ነበረች። ጥቂት አገሮች ገንዘብ አዋጥተው የገዙት ነው። አብራው የመጣች የውጭ አገር ነርስ ሳምንት ሙሉ አስተማረቻቸው። በቋንቋ አይግባቡም፤ በምልክት እየተሳሳቁ ተማማሩ። ነርሷ ከመሄዷ በፊት አክስቴን ዓይኗን አስጨፍና ቱቦውን እንድትገጥም አደረገቻት፤ አልሳተችም።

ከዚያ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ማሽኑ ሳይመረቅ አይነካም አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ለጋሾቹ መጥተው ሪባን ሳይቆርጡ ቢጫርብን የሚቀጥለውን እርዳታ እናጣለን ብሎ ነው የፈራው። አክስቴም እውነቱን ነው አለች፤ በገዛ እጇ ሸፍና ጥግ አስያዘችው።

ምረቃው ሳይደርስ እዚያው ሰፈር የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ወለደች። ልጇ ትንፋሽ አጠረው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበር ስልኩን አላነሳም። አክስቴ ሽፋኑን አየችው፤ ደፍራ ግን አልገለጠችውም። ሕፃኑን በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከችው፤ መንገድ ላይ አረፈ። እናቱን «ከአቅማችን በላይ ሆነ» አሏት። ያን ሰሞን አክስቴ ቤታችን እየመጣች፣ የቀረበላትን ሳትነካ ትሄድ ነበር።

የምረቃው ቀን ጠዋት ሌላ ሕፃን እንደዚያው ሆኖ ተወለደ። አሁን ማንንም አልጠየቀችም። ፕላስቲኩን ቦጭቃ ጣለችው፣ ማሽኑን አበራችው፤ እጇ የተማረውን አልረሳም። እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ኃላፊው ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ማሽኑን ለአፍታ ብቻ ወደ አዳራሹ እንውሰደው፣ ሪባኑ ይቆረጥና ወዲያው እንመልሰዋለን ብሎ ለመናት።

«ይሄ ልጅ አፍታ የለውም፣ ወንድሜ» አለችው። «ሰዎቹን ወደዚህ አምጣቸው።»

መጡ። ከእንግዶቹ አንዲት አዛውንት ሐኪም ለሪባኑ የተሰጣትን መቀስ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ እጇን ታጥባ ገባች፤ መልኩ የተመለሰውን ሕፃን አይታ የአክስቴን ትከሻ ያዝ አደረገች። ሪባን የቆረጠ የለም፣ የተቆጣም የለም። ያ ሁሉ ፍርሃት ባዶ ነበር፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝም ይሄው ነው።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ አክስቴ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች፤ አብሬያት ነበርኩ። ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች። በዚያ ጠዋት ማሽኑን ለሌላ ሕፃን እንዳበራችው፣ የእሷ ልጅ የተወለደ ቀንም እዚያው ክፍል ውስጥ እንደነበረ፣ የሸፈነችውም እሷ ራሷ እንደሆነች፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«የዛሬውስ?» አለች። «ተነፈሰ?»

«ተነፈሰ።»

«እሱስ ይደግ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።