እሷ ያየቻት ወፍ

ሊይዙኝ የመጡት በጳጉሜ ነው። ቤቱን ሲፈትሹ አንደኛው ፖሊስ ባይኖኩላሬን ከመሳቢያ አወጣና፣ "በዚህ ማንን ነው የምትሰልዪው?" አለኝ።

"ወፍ" አልኩት።

አልሳቀም። ከኮምፒውተሬ ጋር አብሮ ወሰደው። ወንጀል የተባለው ግን የጻፍኳቸው ጽሑፎች ነበሩ።

ቃሊቲ ያስገቡኝ ክፍል ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ የእርጥብ ልብስ ሽታ፣ ከጣሪያው ሥር የጣት ያህል ሰማይ የሚያሳይ ክፍተት። ያን ክፍተት ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፍርድ ቤት አልነበረም። ወፎቹ ሊመጡ ነው አልኩ በልቤ።

ክረምቱ ሲወጣ የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ትንንሽ ወፎች አቃቂ ወንዝ ዳር ይሰፍራሉ። እኔና ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃ እያቦካን ስንጠብቃቸው ኖረናል። ከሁሉም በላይ የጓጓነው ጉሮሮዋ ሰማያዊ የሆነችውን ለማየት ነበር። ሸንበቆ ውስጥ ስለምትደበቅ አንድም ቀን አልቀናንም።

ጥቅምት ላይ ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። በመካከላችን ሽቦ፣ አጠገባችን ጠባቂዋ።

"ወፎቹስ?" አልኳት።

"ዘንድሮ ምንም የለም ባክሽ። ዝናቡ አበላሸው መሰለኝ። እኔም አልሄድኩም። ምንም አልቀረብሽም።"

ጫማዋን አየሁት። ጠርዙ ላይ የወንዙ ጥቁር ጭቃ ደርቋል።

"ዛሬ ጠዋት ልብስ ማጠቢያችን ጋ ወርደው ነበር" አልኳት። "ቢጫዎቹ፣ ጭራቸውን የሚያወዛውዙት። ለቆጠራ እስክንጠራ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። አትዘኚልኝ። ያየሽውን ንገሪኝ።"

አቀረቀረች።

"ሰማያዊዋን አየናት" አለች ቀስ ብላ። "አጠገባችን ድረስ መጣች።"

"ከማን ጋር?"

"ከቢሮዬ ከአንዲት ልጅ ጋር። አንቺ ከሌለሽ ብቻዬን ፈራሁ።"

ጆሮዬ ጋለ። ስታሰር እንኳን እንዲያ አልተቃጠልኩም። እኔ በቆምኩበት ጭቃ፣ እኔ በጠበቅኩት ሸንበቆ ፊት ሌላ ሴት ቆማለች። ጀርባዬን ሰጥቻት ልገባ ፈለግሁ።

"ሰዓት አልቋል፣ ጨርሱ!" አለች ጠባቂዋ።

ሽቦውን ያዝኩ። "ስሚ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ" አልኳት። "ያኔ ነው ሰማያዊው ደምቆ የሚታየው። ለልጅቷም ንገሪያት።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ክፍሌም የገባሁት ቀና ብዬ ነው።

አሁን ተፈትቼ ሦስታችንም አብረን ወንዙ ዳር እንሄዳለን። ልጅቷ ደግ ናት፤ ስደክም ቦርሳዬን ትይዝልኛለች። ያቺን ወፍ ግን እኔ እስከ ዛሬ አላየኋትም። ስለዚያ ቀን ሲያወሩ አሁንም ያንገበግበኛል። ያወሩታል ግን። ሳይደብቁኝ፣ እኔ ፊት ያወሩታል።