ወንድሜ ረዳት አልነበረም

ድንጋይ ጠራቢው የሚሠራው ከፒያሳ ጀርባ ነው። የሄድኩት ለራሴ ሐውልት ላዝዝ አይደለም፤ እሱን ልጆቼ ያስቡበት። የሄድኩት የወንድሜ ስም እንዴት እንደተጻፈ ለማየት ነው።

ወንድሜ በጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ይሠራ ነበር። አውሮፕላኗ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ካርታና ሰዓት ይዞ መንገድ ይመራል። የኔ ወንድም መንገድ መሪው ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን ሄደው ሲመለሱ ደመና ወረደባቸው፤ ከተራራ ተጋጩ፤ አንዳቸውም አልተረፉም። የአብራሪው ሚስትና እኔ እዚሁ ሐዋሳ አብረን አረጀን። ዘንድሮ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሁለቱም አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ እናቁም አሉ። እሰየው አልኩ።

ጠራቢው ጨርቁን ገልጦ አሳየኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ድንጋይ ላይ የተጻፈ አያቅተኝም። የአብራሪው ስም ከነማዕረጉ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ የወንድሜ ስም አለ፤ ፊደሉ አነስ ያለ ነው። ከስሙ ፊት «ረዳት» ይላል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ረዳት ነው፣ እማማ።»

«የየትኛው ታክሲ?»

ሰውየው ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

የታክሲ ረዳቶችን አልንቅም። እነሱ ባይኖሩ ሾፌሩ የት እንደሚቆምም አያውቅም። ነገር ግን በዚህ ከተማ ረዳት ሲባል ሰው የሚታየው በር ላይ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» የሚለው ነው። የኔ ወንድም ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ለእረፍት ሲመጣ ወደ ሐይቁ አብረን እንወርዳለን፤ እሱ እርምጃ ይቆጥራል። ቤት ስንገባ በክብሪት ሳጥን ጀርባ ላይ ጽፎ ይሰጠኛል፤ «ከበራችሁ እስከ ዋርካው ሁለት መቶ አሥር፣ ከዚያ ወደ ግራ።»

«የምኖረው እኮ እዚሁ ነው፤ ምን ብሎ ይጠፋኛል?» እለዋለሁ።

«ጭጋግ ሲሆንስ?» ይለኛል።

በሐዋሳ ጭጋግ። እስቅበት ነበር።

«ፋቀው» አልኩት ጠራቢውን።

«ድንጋይ ነው፣ እማማ፤ ላጲስ የለውም። ያዘዙኝም እርስዎ አይደሉም። እመቤቲቱን ያነጋግሯቸው።»

የአብራሪውን ሚስት አነጋገርኳት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ፣ ዓሣ ገዝታ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እዚያ የሚውሉት አባኮዳ አሞራዎች ክንፋቸውን እንደ ካባ ደርበው ዙሪያችንን ቆመዋል። ለክርክር የተዘጋጀ ችሎት ነው የሚመስለው።

«ድንጋዩን አየሁት» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። የየትኛው ታክሲ አልሽው አሉ።»

«መልሱን ካንቺ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ምን ይባልልሽ ታዲያ?»

«መንገድ መሪ። ሥራው እሱ ነዋ። ያንቺ ባል አብራሪ ከተባለ የኔ ወንድም ምን በድሎ ነው ረዳት የሚባለው?»

የዓሣውን ከረጢት ቀስ ብላ ቋጠረችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ መንገድ መሪ ብለን ጻፍን እንበል። ከሥሩ ከተራራ ተጋጭተው አረፉ ይላል። ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው?»

አጠገቧ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ማን ነው የመራቸው ይላል። ከቅዳሴ የሚወጣው ሁሉ እንደዚያ እያለ እንዲያልፍ ትፈልጊያለሽ? ረዳትን ማንም አይከሰውም። ቃሉን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቼን እንዳትቆጪ።»

እኔ ስድብ ነው ያልኩትን ቃል እሷ ለወንድሜ ጋሻ አድርጋ ነው የሰጠችው። ፍትሕ፣ ፍትሕ እያልኩ ቀበሌውንም ዕድሩንም ያስቸገርኩ ሴት ነኝ፤ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ግን የራሴ ነገር ታወሰኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ለዘመዶቼ ምን ስል ኖርኩ? «ወንድሜስ እንመለስ ብሎት ነበር፤ አብራሪው ነው እምቢ ያለው።» ማን ነገረኝ? ማንም። በአውሮፕላኗ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም መጥተው አልነገሩኝም። የኔን ሟች ነጻ ላወጣ ስል የሷን ሟች ከስሼ ኖሬአለሁ።

ነገርኳት። መናገሩ ከምጥ አይተናነስም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «አንድ የማኅበር ቀን ጓዳ ሆነሽ ስታወሪ ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔስ ቤቴ ገብቼ ምን የምል ይመስልሻል? መንገዱን ያሳተው ወንድምሽ ነው ነበር የምለው።»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ እኔ ተከተልኩ። ሁለት አሮጊቶች እንባችን እስኪወርድ ስንስቅ ከረጢቱ ከጭኗ ተንሸራተተ። ከዳኞቹ አሞራዎች አንዱ ዓሣውን ከነከረጢቱ ይዞ ሄደ። ማናችንም አልተነሣንም።

ሳቁ ሲያልፍ የምናውቀውን ብቻ ለየን። በዚያ ቀን ቀድሟቸው በደኅና የተመለሰ ሌላ አብራሪ ለቅሶ መጥቶ፣ «ተራራ የሚባል አይታይም ነበር፤ ሁሉም ደመና ሆኖ ነበር» ብሎናል። ይህን ሁለታችንም በጆሯችን ሰምተናል። የቀረውን የጨመርነው እኛው ነን፣ በየጓዳችን።

ከዚያው ተነሥተን ባጃጅ ይዘን ጠራቢው ዘንድ ሄድን። ድንጋዩን ሲገለብጠው ጀርባው ንጹሕ ነው። ሲተከል ረዳት የሚለው ፊት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ይዞር ተባለ። በዚህኛው ፊት፣ ፊደሉ ሳይበላለጥ፣ አንዱ አብራሪ፣ አንዱ መንገድ መሪ፤ ከሥር ደግሞ «ሰማዩ ተዘግቶባቸው አብረው አረፉ» ይባል።

«ማን ይቅደም?» አለ ጠራቢው፣ እርሳሱን ይዞ።

«በፊደል ተራ ይሁን» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ከሁሉም እሱ ትክክል ነው።»

በጣቷ ሀሁን እየቆጠረች ጥቂት አሰበች። የወንድሜ ስም በየት እንደሚጀምር ታውቃለች፤ የባሏም አይጠፋትም።

«ያንቺ ፍትሕ ሲዞር ሲዞር ውሎ ደጃፍሽ ላይ ነው የሚያድረው» አለች። ከዚያ ወደ ጠራቢው ዞረች። «የወንድሟን አስቀድመው። መንገድ መሪ አይደል?»