የቄስ ቢሻው ጾም

ባሌ ቄስ ቢሻው በጋይንት ጾመኛ ተብለው ስማቸው ወጥቶ ነበር። «ዝክር ተጠርተው አንዲት ጉርሻ አይቀምሱም፤ ቆዳቸው ካጥንታቸው ተጣብቋል፤ እንዲህ ያለ ባሕታዊ ከየት ይገኛል!» ይላል ሰዉ። ጎረቤቴ ቦጋለችማ ከአርብ ገበያ ስትመለስ ጉልበታቸውን ሳትስም አታልፍም። እኔ ካሣነሽ፣ ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው የኖርሁት፣ እርር ድብን እላለሁ። ጾም አይደለማ! እህል አልወርድ ብሏቸው ነው።

የጎረሱት ደረታቸው ላይ ቀጥ ይላል። ውሃ ሲጨምሩበት ውሃውም ከነጉርሻው ይመለሳል። በሰው ፊት እንዳይዋረዱ «ጾም ላይ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይህ ውዳሴ ከንቱ ነው፤ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላቸው፣

«ተይኝ ካሣነሽ፣ ጠበሉ ያሽረኛል» ይሉኛል። ጠበሉንስ ቢሆን መቼ ዋጡትና!

የከፋው ግን ሌላ ነው። ከልጅነታቸው እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከተባለው ደብር ዜማ ተምረው መቅደስ ውስጥ ያረጁ ሰው መቀደስ አቆሙ። የቀደሰ ቄስ መቁረብ አለበት፤ ቅዱስ ሥጋው ቢመለስባቸውስ? ማሰቡ ራሱ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማሕሌት ይቆሙና ቅዳሴ ሲገባ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። እኛ የተጋባነው በቁርባን ነው፤ እኔም ያለ እሳቸው አልቆርብም ብዬ ቀረሁ።

ልጃችን ዕፀገነት ደብረ ታቦር አስተማሪ ናት። ለበዓል መጥታ ብታያቸው እሪ አለች፤ እምቢ ቢሉም ጎትታ አዲስ አበባ ወሰደችን። አንተነህ የሚባል ወጣት ሐኪም መረመራቸው።

«አባቴ፣ የምግብ ቧንቧዎ ታችኛው በር አልከፈት ብሏል። ጡንቻው ጨምድዶ ይዞታል» አላቸው።

«ሆዴን ልትቀደው ነው?»

«የለም። እናስተኛዎትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍዎ እናስገባለን፤ ጡንቻውን ከውስጥ እንቆርጠዋለን። ቆዳዎ ላይ ጭረት እንኳ አይታይም። ከዋዜማው ጀምሮ ግን ምንም አይቀምሱም።»

«እሱንስ ተክኜበታለሁ» ብለው ሳቁ።

ጠዋት ገብተው ከቀትር በፊት ወጡ። በማግስቱ ራጅ እያነሱ ነጭ ፈሳሽ አጠጧቸው፤ ወረደ። ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ አጥሚት፣ ከሳምንታት በኋላ ፍትፍት። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ስትወርድ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔማ እልል አልሁ!

አገራችን ስንገባ ቦጋለች ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ያዟት።

«ተይ ልጄ። ጾም አልነበረም፣ በሽታ ነው። ዝም ያልሁት ውዳሴው ጣፍጦኝ ነው።»

ቦጋለች ቀና ብላ አየቻቸው። «ኧረ እናንተ ሰዎች! እህል ቢያቅታቸው ውዳሴ ሲውጡ ከረሙ!» አለች። እሳቸውም እየሳቁ አንገታቸውን ደፉ።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ቀደሱ። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜያለሁ፤ መጋረጃው ተዘጋ። ካህናቱ ቀድመው የሚቀበሉት እዚያ ውስጥ ነው፤ ምንም አይታየኝም። ቢመለስባቸውስ? እመቤቴ፣ እባክሽ፣ እባክሽ እላለሁ።

መጋረጃው ተገለጠ። ቄስ ቢሻው ሥጋውን ይዘው፣ ፊታቸው በርቶ ወጡ። ሕፃናቱ ቆረቡ፤ ወንዶቹ ቆረቡ፤ የኛ ተራ ደረሰ። ፊታቸው ቆምሁ።

«ሥጋሁ ለአማኑኤል አምላክነ» አሉኝ።

አሜን ብዬ ከባሌ እጅ ተቀበልሁ።